አሮጌ መኪና ፈትቶ መሸጥ፤ ትርፉ የሚወሰነው መቼ ነው?

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተሽከርካሪ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚቀጥለው ደግሞ ከወይና ደጋው አየር ወጥቶ የአፋር ሙቀት ውስጥ ይገባል። አንደኛው መንገድ ፍሬንና ካምቢዮ (ማርሽ የሚለወጥበት ሳጥን) ይበላል፤ ሁለተኛው ራዲያተርና ጎማ ይፈጃል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች ጋራዥ ሥራ ፈትቶ አይውልም፤ በየጋራዡ ጥግም ሞተሩ የወጣለት፣ በሩ የተነቀለ፣ ጎማው ሥር ሣር የበቀለበት አንድ ሁለት መኪና አይጠፋም። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን እዚያው ቆሞ ከመኪናው ላይ የሚሸጡትን ዕቃዎች በዓይኑ ይቆጥራል።

እኔ በኮምቦልቻ አንድ ዘመዴ አሮጌ መኪና የሚፈታበትን ግቢ መዝገብ ለሦስት ዓመት ይዣለሁ። ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «አንድ መኪና ተፈትቶ ስንት ያወጣል?» እያሉ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። መዝገቡ ደጋግሞ እንዳሳየኝ ትርፉም ሆነ ኪሳራው በአብዛኛው የሚወሰነው መኪናው በሚገዛበት ቀን፣ ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ የቆመ መኪና ለምን እንደሚፈለግ ማየት ያስፈልጋል።

ዕቃው ለምን ይፈለጋል?

አዲስ መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የመለዋወጫ ሱቆች ዋጋም አብሮ ተነሳ። ቀደም ብሎም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የእነዚህ ውሳኔዎች ዓላማ የተለያየ ቢሆንም በመለዋወጫ ገበያ ላይ ያመጡት ውጤት አንድ ነው፦ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ገና ለብዙ ዓመት መሥራት ይኖርበታል፤ እንዲሠራ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል፤ ያንን ዕቃ በሚቀመስ ዋጋ የሚያገኘው ከቆመው አምሳያው ነው።

የጥራትም ጉዳይ አለ። ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣ ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው) ወይም ካምቢዮ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢሠራም፣ ካርቶኑ ብቻ ከሚያምረው ማስመሰያ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው። የወሎ መካኒኮች «ከጃፓን እንደመጣ ያለ» ሲሉ የሚያሞግሱት ይህንኑ ነው። ይህ አባባል ለሁሉም ዕቃ እንደማይሠራ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ርቀት ነው፤ ለእኛ አካባቢ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። ያገለገለ ዕቃ ሲባል ሁሉም የሚያስበው መርካቶን፣ ሶማሌ ተራን ነው፤ ሶማሌ ተራ ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወልድያ ላይ ሰሚያሴው፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ የተሰበረበትን የአይሱዙ ባለቤት አስቡት። ጭነቱ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሹፌሩና ረዳቱ አበል ይበላሉ፤ የጭነቱ ባለቤት በየሰዓቱ ይደውላል። ይህ ሰው ሰሚያሴውን አዲስ አበባ ላይ በርካሽ ቢያገኘው እንኳ ሁለት ቀን መጠበቅ አለበት። ዛሬውኑ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተጭኖ የሚደርስለትን ሰሚያሴ ከፍ ባለ ዋጋ ቢገዛ አልተጎዳም፤ የገዛው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ቀን ጭምር ነው። አዲስ አበባ ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ የሚገኘው ብር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለዚያ ግን ዕቃው አስቀድሞ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተመርምሮ መደርደሪያ ላይ መገኘት ይኖርበታል።

ስሌቱ በአንድ መኪና ላይ

የዕቃ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ የገበያ ዋጋ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ይልቁንም አንድ የቆመ መኪና በ100 ብር ተገዛ ብለን ሌላውን ሁሉ በዚያ እንለካ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

መኪናውን ጎትቶ ግቢ ማድረሻ 5፣ የፈታቾች ዋጋ 8፣ የግቢ ኪራይና የጥበቃ ድርሻ 7 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 120 ብር ይደርሳል። በገቢው በኩል ሞተሩ 40፣ ካምቢዮው 18፣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) እና ሰሚያሴዎቹ 12፣ በሮች፣ ኮፈን፣ መስታወትና መብራቶች 25፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) እና ራዲያተር 12፣ ጎማና ቸርኬ (የጎማው ብረት) 10፣ ወንበርና ጥቃቅን ዕቃ 13፣ የቀረው ብረት በኪሎ ተመዝኖ 10 ብር ያወጣሉ እንበል። ድምሩ 140 ነው፤ በወረቀት ላይ 20 ብር ትርፍ ይታያል።

በተግባር ግን ሁለት ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲናሞውና ጎማው በሁለት ወር ውስጥ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ከእነዚህ የሚገባው 80 ብር ነው። ከወጣው 120 ላይ 40 ብር ገና አልተመለሰም፤ የሚመለሰውም ቀስ ብለው ከሚሸጡት ከበር፣ ከመስታወትና ከሌሎቹ ዕቃዎች ነው። በር የሚገዛው በሩ የተመታበት ሰው ብቻ ነው፤ ያውም የግራ የፊቱን ለሚፈልግ የቀኝ የኋላው አይረባውም። ከበር፣ ከመስታወትና ከመሰሎቻቸው ይገኛል ከተባለው 25 ብር የ13ቱ ብቻ ቢሸጥና ሌላው መደርደሪያ ላይ ቢቀር፣ 20 የነበረው ትርፍ 8 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ብድር ከሆነ ደግሞ ወለዱ ይህንንም ይበላዋል።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲከፈት ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ተሰንጥቆ ቢገኝና 40 ይሸጣል የተባለው በብትን ተሽጦ 12 ብር ብቻ ቢያወጣ፣ ጠቅላላ ገቢው 112 ይሆናል፤ ባለቤቱ 8 ብር ከሰረ ማለት ነው። ያው መኪና በ100 ፈንታ በ80 ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ወጪው 100 ስለሚሆን፣ ሞተሩ ተበላሽቶም 12 ብር ትርፍ ይገኝበት ነበር። ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የፈቷቸው እጆችም ያው ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው በግዢው ቀን የተነገረው ዋጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ደብተር ይወጣል። መኪናው ዙሪያው ተዞሮ እያንዳንዱ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ፣ ያለበት ሁኔታና ሊያወጣ የሚችለው ዋጋ ይጻፋል፤ ያልታየው ሁሉ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። በእኛ ግቢ ልማዱ የዚህን ድምር ግማሽ ወስዶ ከዚያ በላይ አለመክፈል ነው። የመኪናው ባለቤት ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚጠራው መኪናው ሲሠራ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ እያሰበ ስለሆነ በዚህ ይከፋዋል። በትሕትና ማስረዳት ይገባል፤ ሳይስማማ ቢቀርም ተመራርቆ መለያየት እንጂ ከደብተሩ በላይ መውጣት አያስፈልግም።

ሞተርን ሳይፈቱ ማወቅ

አንድ ቀን ሐርቡ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሃይኤስ ለማየት ከአንድ አዛውንት መካኒክ ጋር ሄድኩ። ሞተሩ ንጹሕ ነበር፤ በውሃ ታጥቦ ያበራል። እኔ ደስ ብሎኝ «ጋሼ፣ እንዴት ያዩታል? ጥሩ ይመስላል» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ አትቸኩል» አሉኝና የዘይቱን ክዳን ከፈቱ። ጣታቸውን ከክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ አሳርፈው አሳዩኝ። ጣታቸው ላይ የተቀባው ማኪያቶ የመሰለ ነጣ ያለ አረፋ ነበር። ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ተጣሟል፣ አለዚያም ተሰንጥቋል። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በውሃው ላይ የተንሳፈፈውን የዘይት ዓይን አሳዩኝ። የሞተሩ መታጠብ ራሱ ነገር እንዳለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለዓመታት የቆመ መኪና ሞተር በአቧራና በዘይት ተሸፍኖ መገኘት ነበረበት።

ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ ቀዝቅዞ እያለ ማስነሳት ይገባል፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ቀዝቅዞ እስኪያበቃ መጠበቅ ኪሳራ የለውም። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በናፍጣ ሞተር ግን ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ስለሚችል በጭሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። በኮምፕሬሽን መለኪያ (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በሚለካው) ሲታይ ጤናማ የቤንዚን ሞተር በየሲሊንደሩ ከ10 ባር በላይ፣ ጤናማ የናፍጣ ሞተር ከ20 ባር በላይ መስጠት ይኖርበታል። ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አራተኛው በጣም ከወረደ የሞተሩ ገዢ በኋላ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ዕቃውን ለማወቅ ደግሞ የትኛው ለየትኛው እንደሚገጥም መለየት ያስፈልጋል፤ የሙያው ዋና ዕውቀት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮችን ለአብነት እንውሰድ። የሃይሉክስና የሃይኤስ ባለቤቶች በደንብ ያውቋቸዋል። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን የሲሊንደራቸው ስፋት በቅደም ተከተል 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፒስቶን ለሌላው አይሆንም። ዲናሞና ሞተሪኖን የመሰሉ ከውጭ የሚታሰሩ ዕቃዎች ግን ማሰሪያቸው ታይቶ ብዙ ጊዜ ይቀባበላሉ። ስለዚህ አንድ የ3ኤል ዲናሞ ያለው ሰው ደንበኞቹ የ3ኤል ባለቤቶች ብቻ አይደሉም። ይህንን የማያውቅ ሻጭ «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ የሚያውቀው ከመደርደሪያው ያወርዳል።

በዚህ ሙያ የዕቃዎቹ ስም አብዛኛው ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ ሆኗል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ። ስሙ ከመካኒክ መካኒክ ስለሚለያይ ግን በደብተሩ ላይ ከስሙ ጎን ዕቃው ላይ የታተመው ቁጥር ቢጻፍ ይመረጣል። በስልክ ከመርሳ የሚደውል ደንበኛ ቁጥሩን ካነበበ ስህተት አይፈጠርም፤ በስም ብቻ የተላከ ዕቃ ግን ሳይገጥም ሲመለስ ደርሶ መልስ የጭነት ዋጋው በሻጩ ላይ ይወድቃል።

ወረቀቱ

ብዙዎች ይህንን ክፍል በችኮላ ያልፉታል፤ እኛም በመጀመሪያው ዓመት አልፈነው ነበር። ከአንድ ነጋዴ የተበላሸ ሚኒባስ ገዛን፤ ገንዘቡን ከፈልን፤ ሊብሬውን ነገ ዛሬ እያለ አቆየን። በኋላ ስናጣራ መኪናው ለብድር ዋስትና የተያዘ ነበር። በሕግ የእኛ ያልሆነ መኪና መፍታት ስለማይቻል፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ስምንት ወር ሙሉ ሚኒባሱ ሳይነካ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ገንዘባችንም አብሮት ቆመ።

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪን መለያና ምዝገባ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። በሊብሬው ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሻንሲ (የመኪናው አፅም) ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሰፍሮ ይገኛል። ገዢው እነዚህን ቁጥሮች ከመኪናው ላይ ራሱ አንብቦ ማመሳከር አለበት፤ የተፋቀ፣ እንደገና የተመታ ወይም በብየዳ የተነካ የሚመስል ቁጥር ካየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻለዋል። በተጨማሪም መኪናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ማጣራት ይገባል። ባለቤቱ ከሞቱ የሚሸጡት ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ሊያሳዩና ሁሉም ሊስማሙ ይገባል፤ አንዱ ወንድም ሸጦ ሌላው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ክስ የተነሳበትን መኪና አውቃለሁ። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም አለበት። «ተፈትቶ ለሚሸጥ መኪና ምን ውል ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ነገ ፖሊስ ግቢው መጥቶ ሲጠይቅ የሚያድነው ያ ውል ነው እላለሁ።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሌላ ችግር አለው። እንዲህ ያለ መኪና ያለ ቀረጥ ገብቶ የሠራው ለተፈቀደለት ድርጅት ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም ፈቃድ ሳይገኝ ወደ ሌላ ሰው ከተላለፈ ገዢው ከጉምሩክ ጋር ይጋጫል። በጨረታ የሚሸጡ የመንግሥት፣ የድርጅትና የኢንሹራንስ መኪኖች ጥሩ ምንጭ ናቸው፤ ሰነዳቸው ብዙ ጊዜ የተሟላ ነው። ነገር ግን የጨረታ ሰነዱ ላይ «ቀረጥና ታክስ በገዢው ይሸፈናል» የሚል ዓረፍተ ነገር መኖር አለመኖሩን ሳያዩ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ አደገኛ ነው። ያ አንድ መስመር ስሌቱን ሁሉ ይገለብጠዋል።

በወሎ ስለ ባለቤትነት ሲነሳ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ ብዙ መኪና ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል፣ ባለቤቱ ሸሽቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከእነዚያ መኪኖች የወጣ ዕቃ «ባለቤት የለውም» እየተባለ ሊቀርብ ይችላል። ባለቤት አለው፤ ምናልባት ዛሬም መኪናውን የሚፈልግ፣ ልጆቹን በእርሱ ያሳድግ የነበረ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀን ዕቃ አውቆ መግዛትን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ማወቅ ሲገባው ሳይጠይቅ የገዛውንም ይይዘዋል። አንድ ልጅ ማታ ላይ በከረጢት ሁለት ስፖኪዮና አንድ የመኪና ቴፕ ይዞ ቢመጣ፣ ማን እንደላከው መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ አለመግዛት ነው ያለው።

ሲፈታ

መኪናው ግቢ እንደገባ የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን ማላቀቅ ነው፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይነካ መቆየት አለበት። ቀጥሎ ቤንዚኑ ወይም ናፍጣው፣ የሞተርና የካምቢዮ ዘይቱ፣ የፍሬን ዘይቱና የራዲያተር ውሃው በየዕቃው ተለይቶ ይቀዳል። ባዶ የነዳጅ ታንከር ከሙሉው የበለጠ አደገኛ መሆኑን ለአዲስ ሠራተኛ ሳልነግረው አላልፍም፤ በውስጡ የሚቀረው ትነት የብየዳ ወይም የኦክስጅን እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ታንከር በእሳት አይቆረጥም። መኪናም በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል።

አፈታቱ ላይ ፍጥነት ገንዘብ ያባክናል። የመብራቱን ገመድ በፒንሳ ቆርጦ ማውጣት አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ከነሶኬቱ መንቀል አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ነገር ግን ከነሶኬቱ የወጣው መብራት የተቆረጠውን እጥፍ ሊሸጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ገዢው ኤሌክትሪሺያን መክፈል አይኖርበትም። ዳዶና ቡሎኑ ተመልሶ በዕቃው ላይ በእጅ ይገባል፤ ወይም በፌስታል ታስሮ አብሮ ይንጠለጠላል። ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳል። የሞተሩና የካምቢዮው ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል፤ በክረምት የደሴ ጉምና ዝናብ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ክፍት ሲሊንደርን ያዝጋል። የተፈታው ዕቃ ታጥቦ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ በቀለም ተጽፎበት፣ በደብተሩ ላይ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል።

በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ፈታቺ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ካወጣ በኋላ በናፍጣ አጥቦ አደረቀው፤ ከዚያ ጆሮው አጠገብ አምጥቶ በጣቱ ቀስ ብሎ አዞረው። እኔ ምንም አልሰማሁም። እርሱ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ብረት ክምሩ ወረወረው። «ምን ሰማህ?» ስለው «አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል፤ ሐረጎ ላይ ይበተናል» አለኝ። ያ ኩሽኔታ ቢሸጥ ጥቂት ብር ያመጣ ነበር።

መሸጥ የሌለባቸው ዕቃዎች የሚታወቁት በዚህ ዓይነት ፍርድ ነው። ያገለገለ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ላስቲክና ቱቦ፣ የመሪ ጫፍ ማያያዣ፣ የቀበቶና የኤርባግ ዕቃ ከእኛ ግቢ አይወጣም። «ከጃፓን እንደመጣ» የሚለው ሙገሳ ለእነዚህ አይሠራም፤ ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ሸራ በተጠቀመበት መጠን ያልቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ ፍሬን ቢከዳው የሚጎዳው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። እነዚህን አዲስ እንዲገዛ ለደንበኛው በግልጽ መንገር ሽያጭ ያስቀራል፤ እኔ ግን ደንበኛው በሌላ ጊዜ ለሞተር የሚመለሰው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሽያጩና ዋስትናው

ያገለገለ ዕቃ ገዢ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ገዝቶ፣ ለመካኒክ ከፍሎ፣ አስገጥሞ፣ ሳይሠራ መቅረት። ስለዚህ ጥቂት ቀን የሚቆይ የመመለሻ ዋስትና መስጠት ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። ዋስትናው ሥርዓት ይፈልጋል፤ ዕቃው ሲወጣ በተሰወረ ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ አለዚያ የሌላ ሰው የተበላሸ ዲናሞ ተመልሶ ይመጣል።

ሞተር ሲሸጥ ጉዳዩ ከዕቃ ሽያጭ ያልፋል። የገዢው መኪና ሊብሬ ላይ የቀድሞው ሞተር ቁጥር ስለተጻፈ ለውጡን ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ለዚያም ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል። ደረሰኝና የምንጭ መኪናው ሰነድ ያለው ሞተር በዚህ ምክንያት ሰነድ ከሌለው የበለጠ ዋጋ ያወጣል። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥርና ደረሰኝ እንደ ሸክም ብቻ መታየት የለባቸውም፤ ወረቀቱ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ 15 በመቶውን በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ማስላት አለበት፤ መኪናውን የገዛው ከግለሰብ ከሆነ የሚያቀናንሰው የግዢ ታክስ አይኖረውም፤ ይህን ያልቆጠረ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ይደነግጣል።

የቀረው ሬሳ

ሊሸጥ የሚችለው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሻንሲውና ላሜራው ይቀራል። ከአንድ መኪና ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ብረትና ብረት ነክ ስለሆነ በኪሎ ሲመዘን የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ አሉሚኒየሙና መዳቡ ከብረቱ ተለይተው ከተሸጡ። መዳብ ለማውጣት ገመድ ማቃጠል ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፤ የተቃጠለ መዳብም ዋጋው ይወርዳል። በቢላ መላጥ ጊዜ ቢወስድም ይሻላል። በአንዳንድ የቤንዚን መኪኖች ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የሚገኘው ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በጥቂቱ ስለያዘ ከብረት ጋር ተመዝኖ መሄድ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ለቆራሌው አብሮ ያስረክባል።

ባትሪ በክብደቱ 60 በመቶ ገደማ እርሳስ ነው። ግቢ ውስጥ ሰብሮ አሲዱን ደፍቶ እርሳሱን ማቅለጥ አፈሩንና አየሩን ይመርዛል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው በጥቂት መጠን ነው። ባትሪ ሳይሰበር ከነአሲዱ ለሰብሳቢ መሸጥ አለበት። የተቃጠለ ዘይትም እንዲሁ በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚገዛው ይሰጣል እንጂ ወደ ቦይ አይለቀቅም። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦይ የፈሰሰ ዘይት ቦርከና ይገባል፤ በቦርከና ውሃ ደግሞ ከከተማው በታች እስከ ጨፋ ድረስ አትክልት ይለማበታል፣ ከብት ይጠጣዋል። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያው ዓመት እኛም ስላላሰብንበት ነው፤ ከግቢው በታች ያለች አንዲት እናት የጎመን መደቧ ላይ ያየችውን ጥቁር ዘይት በእፍኟ ይዛ መጥታ እስክታሳየን ድረስ።

በመጨረሻ ታርጋውና ሊብሬው ይቀራሉ። እነዚህን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ለሚጠይቅ ሰው መሸጥ ከፍተኛ አደጋ አለው፤ የፈረሰ መኪና ሰነድ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ፣ ሰነድ የሌለው መኪና አለው። ስለዚህ ሻንሲው ለብረት አቅላጭ ከመጫኑ በፊት ቁጥሩ ያለበት ክፍል ፎቶ ተነስቶ ከውሉ ጋር ይቀመጣል፤ ታርጋውና ሊብሬው ለመዘገባቸው መሥሪያ ቤት ተመልሰው መኪናው ከመዝገብ እንዲሰረዝ ይጠየቃል። የተመለሱበት ማስረጃ በደብተራችን ውስጥ በዚያ መኪና ገጽ ላይ ይጣበቃል፤ ገጹ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው፤ በሮቹ ገና ባይሸጡም።